መነበቡ ያልተጠቀሰበት ኑዛዜ

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ ስድስት ወር ሊሞላቸው ነው። አራት ልጆች ነን። ከአርባቸው በኋላ ታላቅ ወንድማችን በኮምፒዩተር የተጻፈ፣ አባታችንና አራት ምስክሮች የፈረሙበት ኑዛዜ አወጣ። አዲስ አበባ ያለው ብቸኛ ቤታችን ለእሱ እንዲሆን ይላል፤ የሦስታችን ስም አልተነሳም። ቤቱ የተሠራው በወላጆቻችን የጋብቻ ዘመን ሲሆን እናታችን በሕይወት አሉ። ወንድማችን ኑዛዜውን እኛ ሳንጠራ በፍርድ ቤት አስጸድቋል። ፊርማው የአባታችን ስለሆነ ዘመድ አዝማዱ አርፋችሁ ተቀመጡ ይለናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የፊርማው እውነተኛነት ኑዛዜውን ብቻውን አያጸናውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 881 እንደሚደነግገው፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ (እንደ አባትዎ ያለ፣ በምስክሮች ፊት የሚደረገው ዓይነት) በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና የተፈጸመበት ቀንም በኑዛዜው ላይ ካልተመለከተ ፈራሽ ነው። ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት ምልክት ማድረግ ያለባቸው ከዚህ በተጨማሪ ነው። የላኩልንን ቅጂ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ቀንና ፊርማ አለው፣ ስለ መነበቡ ግን አንድም ቃል የለውም።

ወንድምዎ ምስክሮቹን አቅርበው «ተነቦልን ነበር» እንደሚያሰኙ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ሕጉ የጠየቀው ግን መነበቡ በራሱ በሰነዱ ላይ እንዲጻፍ ነው። ተናዛዡ ተነሥቶ ሊጠየቅ ስለማይችል የፈረመበትን ይዘት ማወቁ ከወረቀቱ መታየት አለበት፤ የኋላ የቃል ምስክርነት ይህን ጉድለት ሊሞላ አይገባም የሚል ክርክር ማቅረብ ይኖርብዎታል። በእኔ እምነት ከክርክሮችዎ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ሰነዱን በተናዛዡ ጽሑፍ እንደተደረገ ኑዛዜ ለማትረፍ ቢሞከርም መንገዱ ጠባብ ነው፤ አባትዎ ራሳቸው በእጃቸው የጻፉት አይደለምና።

ስማችሁ አለመነሳቱን በተመለከተ፣ ልጅ ከውርስ የሚነቀለው በግልጽና ምክንያቱ በኑዛዜው ተገልጾ ስለሆነ (አንቀጽ 938) ዝምታው እንደ መነቀል አይቆጠርም። ይሁንና ይህ ብቻውን ለወንድምዎ የተሰጠውን አያፈርስም፤ ዋናው ክርክር ካልተሳካ ግን በቀሪው ንብረት ላይ ያላችሁን መብት ያስጠብቃል።

ቤተሰቡ የዘነጋው የሚመስለኝ የእናትዎን ድርሻ ነው። በጋብቻ ዘመን የተሠራ ቤት የባልና የሚስት የጋራ ሀብት መሆኑ ስለሚገመት፣ የግል ነው የሚል ማስረዳት አለበት። አባትዎ ሊናዘዙ የሚችሉት በራሳቸው ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ኑዛዜው ቢጸና እንኳ የእናትዎ ግማሽ አይነካም፤ ቢፈርስ ደግሞ የአባትዎ ግማሽ በአንቀጽ 842 መሠረት ለአራቱ ልጆች እኩል ስለሚከፈል እያንዳንዳችሁ የቤቱ አንድ ስምንተኛ ይደርሳችኋል። እናትዎ የባላቸው ወራሽ አይደሉም፤ ድርሻቸውን የሚጠይቁት በጋራ ባለሀብትነታቸው ነው።

ኑዛዜው ስለጸደቀ ዳኛውን እንዲሁ «ይፍረስልን» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። መብታችሁን የሚነካ ውሳኔ ሳትጠሩ ስለተሰጠ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 358 መሠረት ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት ለዚያው ፍርድ ቤት መቃወሚያ አቅርቡ። እናትዎም በራሳቸው ስም ይግቡበት። ኑዛዜን ለመቃወም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 973 እና 974 የተቀመጡት ጊዜዎች አጫጭር ስለሆኑ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪያስታርቁን እንጠብቅ ማለት መብት ሊያሳጣ ይችላል፤ ሽምግልናው ከፋይሉ ጎን ለጎን ቢሄድ ምንም አይከለክለውም። ከመቃወሚያው ጋር፣ የቤቱ ካርታ ወደ ወንድምዎ ስም እንዳይዛወርና ለሦስተኛ ወገን እንዳይሸጥ የእግድ ማመልከቻ በዚያው ዕለት አብራችሁ አስገቡ፤ የኑዛዜውን ቅጂ፣ የልጅነት ማስረጃችሁንና የወላጆቻችሁን የጋብቻ ማስረጃ አያይዙ።