«በሽማግሌ ይታያል» የሚለውን ውል ይዘህ ክስ ልመሥርት ላልከው

ወንድሜ፣ ገላን ላይ ያላችሁን የብሎኬት ማምረቻ በተመለከተ፣ ውላችን «አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ ይታያል» ስለሚል ሸሪኬን መክሰስ እችላለሁ ወይ ብለህ ነበር። ከክሱ በፊት ያቺን ዓረፍተ ነገር ደግመህ አንብባት፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚያ ላይ ነው።

1. «ሽማግሌ» ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አስታራቂ ከሆነ ያግባባል እንጂ አይፈርድም፤ አንዳችሁ እንቢ ካላችሁ አበቃ። የግልግል ዳኛ ከሆነ ግን ማስረጃ ሰምቶ ይወስናል፣ ውሳኔውም እንደ ፍርድ ይፈጸማል። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ሁለቱን ለየብቻ ነው የደነገጋቸው። የእናንተ ውል ስለማይለይ የተረታው ወገን «እኛ የተቀመጥነው ለእርቅ ነው» ብሎ ይነሳል፤ የወራት ቀጠሮና የሽማግሌ አበል ሜዳ ላይ ይቀራል። ይሄ ሲደርስ ደጋግሜ አይቻለሁ። ውል ጸሐፊዎች ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ውል ወደ ሌላው እየገለበጡ ገንዘብ መቀበላቸው አሁንም ያናድደኛል።

ሸሪክህ እሺ ካለ ግን አልረፈደም፤ ጠብ ከተነሳ በኋላም የግልግል ስምምነት መፈራረም ይቻላል። ሁለት ምስክር ይፈርምበትና እንዲህ ይበል፦ «በማሽኑ ገቢ ክፍፍልና በሲሚንቶ ዕዳ የተነሳው ክርክር በሦስት የግልግል ዳኞች የመጨረሻ ውሳኔ ያገኛል፤ የግልግሉ መቀመጫ አዲስ አበባ፣ ቋንቋው አማርኛ ይሆናል።» የቦታውን ክርክር እዚህ ውስጥ እንዳትከት። የመሬት ጉዳይ፣ ሊዝም ጭምር፣ በግልግል አይታይም።

2. ዳኞቹ ጎዶሎ ቁጥር ይሁኑ። እንደ ሰፈራችን ልማድ ሁለት በአንተ፣ ሁለት በእሱ በኩል ከተቀመጡ እኩል ተከፍለው ይቆማሉ። አንተ አንድ፣ እሱ አንድ ምረጡ፤ ሁለቱ ሦስተኛውን ይምረጡ። የመረጥከው ሰው ጠበቃህ አይደለምና ለብቻው ቡና እየጋበዝክ ስለ ጉዳዩ አታውራው፤ ገለልተኛ አይደለም ተብሎ ይነሳብሃል። በየቀጠሮው ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ውሳኔው ምክንያቱን፣ ቀኑንና ቦታውን ይዞ ይፈረም፤ «እኩል ተካፈሉ» ብቻ የሚል ወረቀት ይዘህ አፈጻጸም ብትጠይቅ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ገፍተው ይመልሱሃል፣ ያውም በቁጣ። ማሽኑ ያለው ገላን ስለሆነ ለአፈጻጸም ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ከሄድክ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የትርጉም ወጪውን ከወዲሁ አስብ።

ድንገት እሱ ቀድሞ ከከሰሰህና ጉዳዩ በግልግል እንዲያልቅ ከፈለግክ፣ ከመጀመሪያው መልስህ ጋር መቃወሚያ አቅርብ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 ላይ አለ። ዝም ብለህ ወደ ፍሬ ነገሩ ከገባህ እንደተውከው ይቆጠራል።

ይግባኝ እንዲኖር ከፈለጋችሁ ስምምነቱ ላይ ጻፉት፤ ካልተጻፈ የለም። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ግን፣ በውል ካልዘጋችሁት በቀር፣ ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት (የሕግ ስህተትን ብቻ ወደሚያየው ችሎት) ይኬዳል።