ነጭ ተቀብቶም ያልበራው ሳሎን

ሳሎንዎ ነጭ ተቀብቶም ስላልበራልዎት ግድግዳ ለማፍረስ አስበው ከሆነ፣ ገና አያፍርሱት። ሳሎኑን ነጭ ቀብተውት ግራጫ የመሰለዎት ቀለሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ነጭ ቀለም የደረሰውን ብርሃን ይመልሳል እንጂ ብርሃን አይፈጥርም። ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት ክፍል ደግሞ ንጹሕ ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ትንሽ ቢጫነት ያለው ነጭ ይሻልዎታል።

ድጋሚ ከመቀባትዎ በፊት ግን፦

1. መስኮቱ አጠገብ የቆመውን ቁም ሣጥን ያንሱት። የመጋረጃውን ዘንግ በሁለቱም በኩል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስረዝሙት፤ መጋረጃው ሲከፈት መስታወቱን ጨርሶ ይለቀዋል።

2. ከኮሪደሩ በር በላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የመስኮት መስታወት ያስገቡ። እኔ ቤት ከቀለሙ ሁሉ በላይ የሠራው ይኸው ነው፤ በጀት ካጠረዎት ሌላውን ትተው ይህን ያድርጉ።

3. አምፖሎቹ ሁሉ 3000 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ይህኛው ሞቅ ያለ ነጭ ነው) ይሁኑ። የተቀላቀለ ብርሃን ነጩን ግድግዳ ያዥጎረጉረዋል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ አሮጌውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቤቱን በአቧራ ሞላሁት። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር እንደሚችል የሰማሁት በኋላ ነው። ሳያስመረምሩ አይፋቁት፤ በተለይ ሕፃን ካለ።