«ግራጫው ድንጋይ ብር ነው? ከሆነስ ለምን ጥለውት ሄዱ?»

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። አንድ የድሮ ማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ ካለ የድንጋይ ክምር፣ በነጭ ድንጋይ መሃል የተሰገሰገ የሚያብረቀርቅ ከባድ ግራጫ ነገር አግኝተሃል። ብር ነው ወይ፣ ብር ከሆነስ የድሮዎቹ ለምን ጥለውት ሄዱ፣ ጉድጓዱስ እንደገና ይሠራ ይሆን ነው ያልከው። እንዲህ ባለ ትንሽ የብር፣ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ውስጥ ናሙና በመውሰድ ዓመታት ስለሠራሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ከገለጻህ ግራጫው ጋሌና ይመስለኛል፤ እርሳስና ድኝ ተዋህደው የፈጠሩት ማዕድን ነው። ለማረጋገጥ መዶሻ ይበቃሃል። ቀስ ብለህ ምታው። ጋሌና ከሆነ ወደ ትንንሽ ኩቦች ይሰባበራል፣ የኩቦቹም ጎን እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ክብደቱም ያሳብቃል፤ በመጠን እኩል ከሆነ ኳርትዝ ከሚባለው ጠንካራ ነጭ ድንጋይ ጋር ብታወዳድረው ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው። አብሮት ቡናማና የሙጫ ዓይነት ወዝ ያለው ነገር ካለ ደግሞ ስፋለራይት ነው፣ ዚንኩ ያለው እሱ ውስጥ ነው። በቢላ ስትፍቀው ዱቄቱ ፈዛዛ ቢጫ ወይም ቡናማ ይሆናል።

ብሩ ግን በዓይን አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ ጋሌናው ውስጥ በደቃቁ በተበተኑ ሌሎች ማዕድናት ውስጥ ነው የተደበቀው። ስለዚህ የድንጋዩ ማብረቅረቅ ስለ ብሩ ምንም አይነግርህም። አንዱ ጋሌና በቶን ከኪሎ በላይ ብር ይዞ፣ ሌላው ቁርጥ እሱን መስሎ ምንም ላይኖረው ይችላል። የሚለየው ላብራቶሪ ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ለምን ተዉት» ልምጣ። መጀመሪያ አፈጣጠሩን ማወቅ አለብህ። ዓለት ሲሰነጠቅ፣ ብረቶችን አሟሙቶ የያዘ ከ100 እስከ 300 ዲግሪ የሚደርስ ጨዋማ ውሃ ከታች በስንጥቁ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ወይም ከሌላ ውሃ ጋር ሲቀላቀል የያዘውን በግድግዳው ላይ ያራግፋል። እንዲህ በማዕድን የተሞላውን ስንጥቅ ሥር እንለዋለን። እኛ ጋ አንዱን ሥር በፋኖስ አብርተህ ስታየው፣ ከግራም ከቀኝም ግድግዳውን ተከትሎ ኳርትዝ፣ ቀጥሎ ቡናማው ስፋለራይት፣ ከዚያ ጋሌና፣ መሃሉ ላይ ካልሳይት የሚባል ለስላሳ ነጭ ማዕድን ነበር። አንዳንድ ቦታ መሃሉ አልሞላም፤ ጣት የምታስገባበት ክፍተት ቀርቶ ውስጡ ክሪስታል ይዟል። ስንጥቁ ሲከፈትና ሲሞላ የኖረበትን ታሪክ እዚያው ታነበዋለህ። እኔ ዛሬም ድረስ እሱን ማየት አልጠግብም።

ችግሩ ስንጥቅ ወጥ አይደለም። ክንድ የሚያህለው ሥር አሥር እርምጃ ሳትሄድ ጣት ያህል ይሆናል፣ ከዚያ ቀጭን የሸክላ መስመር ብቻ ይቀራል። ሠራተኛው ባዶ ዓለት እየሰበረ ሜትሮች ይሄዳል፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ትልቅ ኩባንያ ይህን ይችለዋል። ትንሽ ማዕድን ግን በዚያ መሃል ደሞዝ ያጣል።

ሌላው፣ ምርጡ ከላይ ነው የነበረው። ዝናብና አየር ለረጅም ዘመን የላይኛውን ክፍል ሲያበሰብሱት ብሩ ወደ ታች እየሰረገ ከተበሰበሰው ክፍል ግርጌ ይከማቻል። የድሮዎቹ ያንን በልተው ወዳልበሰበሰው ጥሬ ማዕድን ሲወርዱ፣ ብሩ ቀነሰ፣ ውሃው በዛ። ዚንኩም ተጨመረባቸው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚተን የእርሳስ ምድጃቸውን ያስቸግር ነበር፤ ማቅለጫ ቤቶች ዚንክ የበዛበትን ድንጋይ ዋጋ ይቀንሱበት ነበር። ስለዚህ ስፋለራይቱን እየለቀሙ ጣሉት። አንተ ያየኸው ክምር ምናልባት እሱ ነው። በአውስትራሊያው ግዙፍ የብሮክን ሂል ማዕድን እንኳ ዚንኩ ለዓመታት ተጥሎ ነበር፤ በአረፋ የመለየት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ሲውል ነው ያ ክምር እንደገና ሀብት የሆነው።

ዋጋውም አለ። የብር ማዕድን እንደ ገበያው ነው የሚኖር። እ.ኤ.አ. በ1893 የአሜሪካ መንግሥት ብር መግዛቱን ሲያቆም በኮሎራዶ ብዙ ማዕድኖች ተዘጉ። ከመሬት በታች ምንም አልተለወጠም ነበር።

እንደገና ይሠራ ይሆን ላልከው፣ አንድ የራሴን ስህተት ልንገርህ። መጀመሪያ ሰሞን የሚያምረውን ድንጋይ እየመረጥኩ ላክሁ፣ ውጤቱ ሰማይ ነካ። ከሥሩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው በእኩል ስፋት ቦይ ቆፍሬ ስወስድ ቁጥሩ ተንኮታኮተ። ሒሳቡን እንየው። ሥሩ 30 ሳንቲሜትር ቢሆንና በቶን 300 ግራም ብር ቢይዝ፣ ሰው ገብቶ እንደልብ ለመሥራት ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት መቆፈር አለበት። ባዶው ዓለት ሲቀላቀልበት ወደ 90 ግራም ይወርዳል። የድሮዎቹም ይህን ያውቁ ነበር፣ ለዚህ ነው ጉድጓዶቻቸው ትከሻ የማያስገቡት።

አንድ ነገር አደራ። ጉድጓዱ ውስጥ ብቻህን እንዳትገባ። ፓይራይት የሚባለው የብረትና የድኝ ማዕድን ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል፤ ምንም ሳይሸትህ ራስህን ትስታለህ። ድንጋዩንም ቤት ውስጥ ለማቅለጥ እንዳትሞክር። የእርሳስ ጭስና አቧራ መርዝ ነው፣ በተለይ ለልጆች። ከነካህ በኋላ እጅህን ታጠብ።

ከክምሩ ከተለያየ ቦታ፣ የሚያምረውን ሳትመርጥ፣ 5 ኪሎ ያህል ሰብስበህ ላብራቶሪ ስጥ። ብር፣ እርሳስና ዚንክ ይለኩልህ። ውጤቱ ሲመጣ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።