ቀይ ስለተቀባ ኮኒ ነው ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ ሰላም፣ በፈረንጆቹ 1967 የተሠራች ኤምጂቢ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ገዝቻለሁ። ሻጩ ሁሉም ነገር ኦርጅናል ነው ብሎኛል ግን ከኋላ ቀያይ ቱቦ አሞርዛተሮች አሏት፣ ፊት ደግሞ ጭራሽ አሞርዛተር አላየሁም፣ ዘይት የነካው ክንድ ያለው ብረት ብቻ ነው ያለው። ጥግ ጥጉን ተጭኜ ስለቃት አንዴ ተነስታ ቀጥ ትላለች። ደህና ናቸው ወይስ አራቱንም ልቀይር?

መልስ፦ ወዳጄ፣ ያ ክንድ ያለው ብረት ራሱ ነው አሞርዛተሩ። አርምስትሮንግ ይባላል፣ ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 ስትመረት ፊቷ ላይ የነበረው እሱ ነው፣ ክንዱ ሲወዛወዝ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቫልቭ ያሳልፈዋል። ከኋላም ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ ክንድ ስለነበረች ቀያዮቹን ሰው ነው በኋላ የገጠማቸው። ሻጩ ዋሽቶህ ላይሆን ይችላል፣ እሱም እንደዛው ሆና አግኝቷት ይሆናል።

ቀይ ኮኒ የሚባለው የአሞርዛተር ፋብሪካ ቀለም ነው፣ ግን ቀለም ማንም ይቀባል። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ታችኛውን ጫፍ ጥረግና ብረቱ ላይ የተመታ ስምና ቁጥር ፈልግ። ካገኘህ እንዳትጥላቸው፣ እነዚህ ጥንካሬያቸው ይስተካከላል። ፈተህ አቁመህ አራት አምስት ጊዜ ሳብ ገፋ አድርጋቸውና አየሩ ይውጣ፣ ከዛ በዝግታ ሳብ፦ ከጫፍ ጫፍ እኩል ሊከብድህ ይገባል፣ መሀል ላይ ዘንጉ ባዶውን ሸርተት ካለ አልቋል። ግራና ቀኙ ከተለያዩ ቶሎ አትፍረድ፣ አንዱ ጠንከር ተደርጎ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ተጭነህ ቀስ እያልክ አዙረው፣ ሲይዝልህ ሁለቱንም ወደ ለስላሳው ጫፍ አድርሰህ እንደገና አወዳድር።

ጥግ ተጭኖ መልቀቁ ጭራሽ የሞተውን ነው የሚለየው፤ ቅባት ያጣ ኪንግፒን (የፊት ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ) ወይ የደረቀ ጎሚኒም መኪናዋን ቀጥ ያደርጋታል።

የፊቱ ላይ ዘይቱ ብቻውን አያስፈራኝም። መሙያውን ከመክፈትህ በፊት ዙሪያውን አጽዳ፣ ከጎደለ የአሞርዛተር ዘይት ጨምር፣ የፍሬን ዘይት እንዳታደርግበት፣ ሲሉን፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን የውስጥ ላስቲክ ይበላዋል። እኔን የሚያስፈራኝ የክንዱ ዘንግ ነው፣ ሥሩን ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው። ከተንቀጠቀጠ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ሲሉን ብትቀይረው ተመልሶ ያፈሳል፣ ቤቱ ተሰርስሮ ቡሽ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ሊገባለት ነው። ክንዱ የጎማውን አቋም ስለሚይዝ መሪውም ይሰማዋል።

ፊቱን ለመፍታት ካሰብክ ግን ክሪኩ ከሻሲው ሥር ሳይሆን ከሞላው ሥር፣ የታችኛው ክንድ ላይ ይሁን። የታችኛው ክንድ ወርዶ ሞላው እንዳይለቀቅ የያዘው ያው የአሞርዛተሩ ክንድ ስለሆነ ቡሎኑን ዝም ብለህ ከፈታኸው ሞላው ተስፈንጥሮ ይወጣብሃል።