መዝገብ ሲከፈት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ወጣቶች

ልጆቼ፣

ፖሊስ ጣቢያ የሚያድር ወጣት ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም። አንዱ ሰው ሊገላግል ገብቶ ይያዛል፣ ሌላው በባጃጁ ሰው ይገጫል፣ ሌላው ደግሞ ከታይዋን ገበያ በርካሽ የገዛው ስልክ የተሰረቀ ሆኖ ይገኝበታል። ወራት የሚፈጅ ጉዳይ አቅጣጫውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በሚጻፉ ወረቀቶች ነው። በነዚያ ቀናት የተያዘው ልጅ ደንግጧል፣ ቤተሰቡ ይሯሯጣል፣ “አቦ፣ ምንም አይደል፣ እኔ ሰው አለኝ” የሚል ጓደኛም አይጠፋም። ስለዚህ ሳትደነግጡ በፊት ይህን አንብቡት።

ሲይዟችሁ አትሩጡ፣ አትታገሉም። አያያዙ ስሕተት ከሆነ ስሕተትነቱ የሚነገረው ችሎት ላይ ነው። የታገለ ሰው ከተጠረጠረበት ጉዳይ ነጻ ወጥቶ በትግሉ ሊቀጣ ይችላል። ፖሊስ በመሠረቱ የፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ ያስፈልገዋል፤ እጅ ከፍንጅ ሲሆንና ሕጉ በዘረዘራቸው ሌሎች ሁኔታዎች ግን ያለ ትእዛዝም ይይዛል። የተያዛችሁበትን ምክንያት በሚገባችሁ ቋንቋ የመስማት መብት አላችሁ፤ ካልተነገራችሁ በጨዋ አንደበት ጠይቁ። ሰዓቱንም ያዙ፣ አጠገባችሁ ያለ ሰውም ይያዘው።

ሰዓቱ ያስፈለገው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ላስቀመጠው 48 ሰዓት ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከተያዛችሁበት ሰዓት እንጂ ስማችሁ ጣቢያው መዝገብ ላይ ከሰፈረበት አይደለም። ከሂሳቡ የሚወጣው እስከ ፍርድ ቤት ለሚደረገው ጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሳቢያን ወይም ከገንደ ቆሬ ተነስቶ ድሬዳዋ ፍርድ ቤት ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅ ደግሞ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። “ዓርብ ማታ ስለተያዘ ሰኞ ይቅረብ” የሚል ቃል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ሰዓቱ ካለፈ ቤተሰብ ወይም ጠበቃ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ያን ጊዜ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው “መቼ ተያዘ?” በሚለው ላይ ስለሆነ ነው ሰዓቱን ያዙ ያልኳችሁ።

ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሳሳተው ቦታ ላይ ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ከደንብ መተላለፍ ከፍ ያለ የወንጀል ጉዳይ በአብዛኛው የሚታየው እዚያው በሚያስችሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው። የከተማ አስተዳደሩ የራሱ የሆኑ ፍርድ ቤቶችም አሉት። ሐረር ስትሄዱ ደግሞ የሐረሪ ክልል የራሱ ፖሊስና የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት። በዚያ ላይ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መቀመጫም ሐረር ከተማ ነው፤ አወዳይ ወይም ሐረማያ ላይ የተያዘ ልጅ ደግሞ በኦሮሚያ ሥር ነው ያለው። “ሐረር ነው የታሰረው” የሚል ወሬ ብቻ ይዞ የሄደ አባት ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲመላለስ ቀኑ ይመሽበታል። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር አረጋግጡ፦ የትኛው ጣቢያ፣ መርማሪው ማን እንደሆነ፣ የምርመራ መዝገቡ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ችሎት እንደሚቀርብ። ለታሳሪው የምትወስዱትም እንደ ከተማው ነው። ድሬ ላይ ውኃና ስስ ሸሚዝ፣ ሐረር ላይ ጋቢ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ከተሞች 55 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢራራቁም አየራቸው የአንድ አገር አይመስልም። የሚወስድ መድኃኒት ካለ የሐኪሙን ወረቀት ጨምሩበት። የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው አንቀጽ 21 ይናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ቃል ስለመስጠት ነው።

መርማሪው ቃላችሁን ሲቀበል መልስ እንድትሰጡ አትገደዱም፤ የተናገራችሁት በማስረጃነት ሊቀርብባችሁ እንደሚችልም ሊነገራችሁ ይገባል። ዝም ማለት ጥፋትን ማመን አይደለም። ስማችሁንና አድራሻችሁን በትክክል ስጡ፤ ስለ ድርጊቱ ግን ጠበቃ ሳላማክር አልናገርም ማለት ትችላላችሁ። በመሐላ “ንጹሕ ነኝ” ለማለት የሚቸኩል ልጅ ነው ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያስረው፤ ያልተጠየቀውን ሁሉ ያወራልና። ከበርጫ ላይ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ምርቃና ምላስን ይፈታል፣ የማያውቁትንም ያስተርካል። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው “ነገ ጧት ቃሌን እሰጣለሁ” ቢል ይሻለዋል።

ከተናገራችሁ ደግሞ ቃላት ይመዘናሉ። “አነሳሁት”፣ “ወሰድኩት” እና “ሰረቅሁት” በሰፈር ወሬ ይቀራረባሉ፤ መዝገብ ላይ ግን አንዱ የተረሳ ዕቃ ለባለቤቱ ማስቀመጥ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ወንጀልን ማመን ነው። “ገፋሁት”ን “መታሁት” ብሎ ያስመዘገበ ልጅ በኋላ ምስክር ሲሰማ ለማስተካከል ሲለፋ ይኖራል። በድሬና በሐረር ይህ ነገር ድርብ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ ነው የምታወሩት። የገበያ አማርኛ ስልክ ለመግዛትና ለመሸጥ ይበቃል፣ ሆን ብሎ ማድረግን ከቸልተኝነት ለመለየት ግን አይበቃም። አማርኛ ችላለሁ ብላችሁ አትኩሩ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። በፍርድ ቤት ክርክር ጊዜም አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ የመመደብ መብት በአንቀጽ 20 ተጽፏል።

የተጻፈው ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። “ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ ፈረምኩ” የሚለው የመጨረሻ መስመር ነው በኋላ “እንዲህ አላልኩም” ስትሉ አፍ የሚያስይዛችሁ። የተሳሳተ ቃል ካለ እዚያው ይታረም፤ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ መስመር ይሰመርበት። “እመንና ዛሬውኑ ትለቀቃለህ” የሚል ቃል ኪዳን ከማንም ቢመጣ አትቀበሉት። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በማባበል፣ በተስፋ ወይም በማስፈራራት ቃል መቀበልን በግልጽ ይከለክላል። ፍርድ ቤት ቀርባችሁ የእምነት ቃል እንድትሰጡ ከተደረገ፣ ዳኛው በፈቃዳችሁ መሆኑን ሲጠይቋችሁ እውነቱን የምትናገሩበት ቦታ ያ ነው። የመታችሁ ሰው ካለም በመጀመሪያው ችሎት ተናገሩ፣ በመዝገብ እንዲሰፍርላችሁና ሐኪም እንዲያያችሁ ጠይቁ። ከሁለት ወር በኋላ ሰንበሩ ጠፍቶ የሚነገር ነገር ክብደቱ ይቀንሳል።

ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ አትደብቁት። ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው የሚታየው በተለየ ሥርዓት ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ሕገ መንግሥቱ ወጣት ታሳሪ ከአዋቂ ተለይቶ እንዲያዝ ያዛል። ችግሩ የሚመጣው ሥራ ለመቀጠር ወይም መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ዕድሜውን ጨምሮ የቀበሌ መታወቂያ ያወጣው ልጅ ላይ ነው፤ በገዛ ወረቀቱ አዋቂ ሆኖ ይቆጠራል። ያን ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የትምህርት ቤት መረጃ ቶሎ ማቅረብ፣ ከሌለም በሐኪም የዕድሜ ምርመራ እንዲታዘዝ መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ችሎት አጭር ነው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ታስራችሁ የምትቆዩበት ተጨማሪ ቀን፣ ይጠይቃል፣ እናንተ ዋስትና ትጠይቃላችሁ። ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ መፍቀድ አይችልም፤ ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሚቻል ግን ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም፣ ሰው የሚጉላላውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ቀጠሮ የሚጠየቀው ጥያቄ “ባለፈው በተሰጡት ቀናት ምን ተሠራ?” የሚለው ነው። የትኛው ምስክር ቀረ? የትኛው ማስረጃ ከየት ይመጣል? የእኔ መፈታት እሱን እንዴት ያደናቅፈዋል? “ግብረ አበር አልተያዘም” ብቻውን በየቀጠሮው እየተደገመ እንዳይኖር ዳኛው የሚያዩት ዝርዝር ሲቀርብላቸው ነው። ጮክ ብሎ ማልቀስ ግን ለችሎት አይጠቅምም።

ዋስትና መብት ነው፣ ክልከላው ልዩ ሁኔታ ነው። ቀላል በሆነ ጉዳይ፣ ወይም ወንጀሉ ስለመፈጸሙ አለዚያም እናንተ ስለመፈጸማችሁ ጥርጣሬ ካለ፣ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል። ፍርድ ቤት ሊከለክል የሚችለው ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ተበዳዩ ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ወይም ተጠርጣሪው ይጠፋል፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል፣ ምስክር ያባብላል ተብሎ ሲታመን ነው፤ አንዳንድ ልዩ ሕጎችም የራሳቸው ክልከላ አላቸው። የባጃጅ ልጆች ይህን አስምሩበት፦ የተገጨው ሰው ድል ጮራ ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ “ሊሞት ይችላል” የሚለው ጥርጣሬ ዋስትናውን ሊይዘው ይችላል። ከአደጋ ማለፉን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ በመርማሪው በኩል መዝገቡ ውስጥ እንዲገባ መከታተል ከአሥር አማላጅ ይበልጣል። የተጎዳውን ሰው መጠየቅና ማሳከምም ሰብአዊነት ነው፤ ለምስክርነቱ ገንዘብ መስጠት ግን ሌላ ወንጀል ነው፣ አታደባልቁት።

ዋስትና ከተከለከላችሁ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ከተፈቀደ ደግሞ ገንዘቡ በፍርድ ቤቱ ስም ተቀማጭ ይሆናል፣ ወይም ደመወዝተኛ ዋስ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር ይቀርባል፣ ወይም ሊብሬ ወይም የቤት ካርታ ይያዛል። የሰው ዋስ የሚሆነው ዘመድ ምን እንደሚፈርም ይወቅ፤ እናንተ ብትቀሩ ግዴታው እሱ ላይ ይወድቃል። ዓርብ ከሰዓት ዋስትና ተፈቅዶ የመፍቻ ትእዛዙ ተፈርሞና ማኅተም ተመቶበት ጣቢያ ሳይደርስ ስለሚመሽ ብቻ ሁለት ሌሊት የሚጨምር ሰው አለ። ገንዘቡን አስቀድሞ ያዘጋጀ ቤተሰብ ያን ሁለት ሌሊት ያተርፋል።

“ጉዳይ እጨርሳለሁ” ባዩን በአንድ መስመር ልለፈው፦ ገንዘቡ የት እንደገባ አታውቁም፣ ጉቦ ከሆነ ደግሞ እናንተም ወንጀለኛ ናችሁ። አቅም ከሌላችሁ ፍርድ ቤት ውስጥ የተከላካይ ጠበቆችን ጠይቁ፤ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት ክፍል አላቸው።

ስለ እርቅ ብዙ ሰው ተሳስቷል። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ፋቲሓ ተደርጎ ወይም መስቀል ተሳልሞ ነገሩ አለቀ ይባላል። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስስ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ያለ መሣሪያ በተፈጸመ ቀላል ድብደባ፣ አቤት ባዩ ሲተው ክሱ ሊቆም ይችላል። ድንጋይ ወይም ጩቤ ከገባበት ግን ከሳሹ መንግሥት ነው፤ የእርቅ ወረቀቱ መዝገቡን አይዘጋም፣ ቅጣት ሲወሰን ግን ማቅለያ ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ እርቁን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀጠሮውንም አትቅሩ። “ታርቀናል” ብሎ የቀረ ልጅ ነው በመያዣ ትእዛዝ ተይዞ የሚመጣው።

ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። እሱ ክስ ሊመሠርት፣ ተጨማሪ ምርመራ ሊያዝ ወይም መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል፤ ለክስ ሕጉ የሰጠው ጊዜ መዝገቡ ከደረሰው ጀምሮ 15 ቀን ነው። ክሱ ሲደርሳችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና የተጠቀሰውን አንቀጽ ተመልከቱ፤ መቃወሚያ ካለ የሚቀርበው በመጀመሪያው ላይ ነው። “ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?” ሲባል “መትቼዋለሁ፣ ግን ሊወጋኝ ሲል ነው” የሚል ሰው ጥፋቱን አላመነም፤ ሙሉውን ተናገሩ፣ በግማሹ አትቁሙ። ከዚያ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ይሰማል። አልበቃም ከተባለ መከላከያ ሳትጠሩ ትሰናበታላችሁ፣ በቅቷል ከተባለ ተከላከሉ ትባላላችሁ። ቅር ያላችሁ ፍርድ ከሆነ ይግባኝ ማለታችሁን በ15 ቀን ውስጥ አሳውቁ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሳችሁ በኋላም ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ ይግባ።

በዚህ ሁሉ መሃል የቀጠሮ ቀኑን፣ የመዝገቡን ቁጥርና የችሎቱን ስም ስልካችሁ ላይም ወረቀት ላይም ጻፉ። ከሐረር ወደ ድሬ ቀጠሮ ያለው ሰው በዋዜማው ይውረድ፤ ሚኒባሱ ደንገጎ ላይ ተበላሸ የሚለውን ምክንያት ችሎቱ ሰምቶት ያውቃል።

መዝገቡ ሲዘጋ ደግሞ ለዋስትና ያስያዛችሁትን ተቀማጭ አትርሱት። ፍርድ ቤቱ ይመለስ ብሎ ካልጻፈ ገንዘቡ ራሱ አይመጣም፤ ዋናው ደረሰኝ፣ የውሳኔው ግልባጭና መታወቂያ ይጠየቃሉ። እዚህ ጋ ስም ያሰናክላል። መታወቂያው “መሐመድ” ይላል፣ ደረሰኙ “ሙሃመድ”፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ደግሞ አያቱን ዘሎታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስማችሁ እስከ አያት ድረስ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ሆኖ እንዲጻፍ መርማሪውን ለምኑት።