ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው ዳግመኛ ይጠመቃልን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ተነሥቻለሁ። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ከሄድሁ በኋላ ግን ማዕተቤን በጥሼ፣ ስሜን ቀይሬ፣ በአሠሪዎቼ ፊት ሃይማኖታቸውን ተቀብያለሁ አልሁ። አሁን እዚያ ከተወለደችው የሦስት ዓመት ልጄ ጋር ወደ አገሬ ገብቻለሁ። አንዳንዶች «እንደገና መጠመቅ አለብሽ» ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ «ጠበል ተጠመቂ፣ ይበቃሻል» ይላሉ። የቱ ነው ትክክል? የልጄስ ሰማንያ ቀን ስላለፈ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ዳግመኛ አትጠመቂም። ቅዱስ ጳውሎስ «አንድ ጌታ አንድ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀት» ይላል (ኤፌ. 4፥5)፤ በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 ሊቃውንት የወሰኑትንና ዛሬም በየቅዳሴው የምንደግመውን ጸሎተ ሃይማኖት ስናደርስም ኃጢአት በሚሠረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን እንላለን። ሰው ከእናቱ ማኅፀን ሁለት ጊዜ እንደማይወለድ፣ ከውኃና ከመንፈስ የሚወለደውም አንድ ጊዜ ነው። ልጅ አባቱን ቢክድ በደለኛ ልጅ ይባላል እንጂ ያልተወለደ አይባልም። አንቺም ማዕተብሽን በጠስሽ እንጂ ከጥምቀት በኋላ በሚቀባው ቅዱስ ቅባት በሜሮን የታተመው ልጅነትሽ በሰው እጅ የሚበጠስ አይደለም።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በንጉሡ በዳክዮስ ዘመን ብዙ ክርስቲያኖች ሞትን ፈርተው ለጣዖት ሠውተው ነበር፤ ስደቱ ጋብ ሲል ተጸጽተው የተመለሱትን ቤተ ክርስቲያን በረጅም ንስሐ ተቀበለቻቸው እንጂ ዳግመኛ አላጠመቀቻቸውም። በእኛም ሥርዓት ለዚህ የተዘጋጀ መጽሐፈ ቄደር የሚባል የጸሎት መጽሐፍ አለ። ካህኑ በውኃው ላይ ጸልዮ ከክህደት የተመለሰውን ሰው ያጠምቀዋል፤ ይህም የንስሐ ጥምቀት ነው እንጂ የልጅነት ጥምቀት አይደለም። «እንደገና መጠመቅ አለብሽ» ያሉሽ ሰዎች ምናልባት ይህን ሥርዓት አይተው ተሳስተው ይሆናል።

«ጠበል ይበቃሻል» የሚለው ምክር ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ጠበል ፈውስና በረከት የሚገኝበት ነው፤ ነገር ግን ኑዛዜን አይተካም። በአንድ ማለዳ ገብተን ሁሉን አራግፈን ለመውጣት እንመኛለን፤ የጌታ ትእዛዝ ግን እንዲህ አይደለም። ሐዋርያትን ሲልካቸው አጥምቁ ብሎ አላበቃም፤ «ያዘዝኋችሁንም ሁሉ እንዲጠብቁ እያስተማራችኋቸው» የሚለውን ጨመረ (ማቴ. 28፥20)። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ክዶ በተመለሰ ጊዜ ጌታ ወደ ውኃ አልመለሰውም፤ «ትወደኛለህን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ መልሱንም በሰማ ቁጥር በጎቹን እንዲጠብቅ አዘዘው። ፍቅሩ የሚታየው ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በሚሠራው ሥራ ነበርና።

በተጠመቅሽ ቀን የክርስትና እናትሽ ታቅፋሽ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ስለ አንቺ ክዳለች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራም ስለ አንቺ አምናለች። አሁን ያንን ቃል በገዛ አፍሽና በኑሮሽ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አስቀድመሽ የንስሐ አባት ያዢ። የሆነውን ሁሉ ንገሪያቸው፤ በፍርሃት ያደረግሽውንም በፍላጎት ያደረግሽውንም ሳትለዪ ተናዘዢ፤ መለየቱ የእርሳቸው ፋንታ ነው። የሚሰጡሽን ቀኖና በጾም፣ በስግደትና በምጽዋት ፈጽሚ፤ ቄደሩ መቼ እንደሚደረግልሽ፣ ወደ ቅዱስ ቁርባን መቼ እንደምትቀርቢ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የየዕለቱ ነው። ለብዙ ዓመት ያልጾመ ሰው በአንድ ሳምንት መናኝ ልሁን ቢል ቶሎ ይሰለቻል፤ በረቡዕና በዓርብ ጾም፣ በማለዳና በማታ ጸሎት፣ በእሑድ ቅዳሴ ጀምሪ፤ የምታምኚውንም ተማሪ። በድንጋጤ ጊዜ ብዙ ልጆቻችን በቀላሉ የሚሸነፉት እምነታቸውን ስለሚጠሉ ሳይሆን ያልተማሩት ስለሆነ ይመስለኛል፤ ለዚህም እኛ መምህራኑ ተጠያቂዎች ነን። ዳግመኛ ለሥራ መሰደድ ቢያስፈልግሽ እንኳ ሳትወስኚ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ።

ስለ ልጅሽ አትጨነቂ። በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደምናነበው አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገብተዋልና ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን እንዲጠመቁ ሥርዓታችን ይህን ተከትሎ ተሠራ፤ ቀኑ ያለፈበት ሰው አይጠመቅም ማለት ግን አይደለም። ሳትዘገዪ በአጥቢያሽ ላሉ ካህናት ንገሪያቸው፤ ተጠምቃ ሜሮን ተቀብታ በዚያው ዕለት ትቆርባለች። የክርስትና እናት ስትመርጪላት ግን ለዘመድነት ወይም ለስጦታ ብለሽ አትምረጪ፤ እንደ ብዙ ሰው ልማድ ከድግሱ በኋላ የማትታይ ሳትሆን፣ ጸሎቱን የምታስጠናትና እጇን ይዛ ወደ ቅዳሴ የምትወስዳት ሴት ፈልጊላት።