«እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም» ከማለታችሁ በፊት

ፓሪስ፣ ብራሰልስ ወይም ሞንትሪያል በቅርቡ ለገባችሁ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ሥራ ቦታም ሆነ ወረቀት ለማደስ ወረፋ ስትይዙ አጠገባችሁ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ፈረንጅ አይደለም። ሴኔጋላዊ ነው፣ ማሊያዊ ነው፣ ኮንጎዊ ወይም ሃይቲያዊ ነው። ፈረንሳይኛውን ግን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። የኛ ሰው ታዲያ ገና ሰላምታውን በወጉ ሳይለምድ «አንተማ ምን አለብህ፣ ቅኝ ስለተገዛችሁ ቋንቋውን ይዘኸው መጣህ፤ እኛ ግን ተገዝተን አናውቅም» ይለዋል። ይህን በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። በሰማሁት ቁጥር አንጀቴ ያራል። ተናጋሪው በክፋት አይደለም የሚለው፣ ሰውየው ቋንቋውን እንዴት እንዳገኘው ስለማያውቅ ነው። እስቲ ትንሽ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንሳይኛ መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥም የሁሉም ቋንቋ አልነበረም። በ1789 አብዮቱ ሲፈነዳ አብዛኛው ገበሬ የየአካባቢውን ቋንቋ ነበር የሚናገረው። በ1880ዎቹ መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነፃና ግዴታ ሲያደርገው ነው ፈረንሳይኛ ገጠር ድረስ የዘለቀው። በምዕራብ ፈረንሳይ ባለችው በብሪታኒ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ሲያወሩ ከተያዙ ይቀጡ ነበር።

ያው ቅጣት አፍሪካም ገባ። «ሲምቦል» ይሉታል። አንድ ቁራጭ እንጨት ወይም አጥንት በገመድ ታስሮ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር የተያዘው ልጅ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ልጁ ከአንገቱ የሚያወርደው ሌላ ጓደኛውን ሲያወራ ይዞ ካስረከበ ብቻ ነው። ቀኑ ሲያልቅ አንገቱ ላይ የቀረበት ይገረፋል። አስቡት፣ አንድ ፍሬ ልጅ ጓደኛው በዎሎፍ ወይም በባምባራ አንዲት ቃል እስክታመልጠው ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ። ከነፃነት በኋላም ይህ ነገር ባንዳፍታ አልጠፋም፤ አብረዋችሁ ከሚሠሩት ትልልቅ ሰዎች መካከል የደረሰበት ሊኖር ይችላል። «ታድለሃል» የምትሉት እሱን ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ፈረንሳዮች ሴኔጋል ውስጥ ሴንት ሉዊን የቆረቆሩት በ1659 ነው። ለረጅም ጊዜ ጉዳያቸው ንግድ ነበር፣ የባሪያ ንግዱን ጨምሮ። በ1850ዎቹ ገዢው ፌደርብ የየአካባቢውን ሹማምንት ልጆች ሰብስቦ ትምህርት ቤት አስገባቸው። ትምህርት ቤቱ «የታጋቾች ትምህርት ቤት» ነበር የሚባለው፣ ስሙም ልክ ነበር። ልጁ በእጃቸው ካለ አባት አያምፅም፣ ልጁም አድጎ አስተርጓሚና ጸሐፊ ይሆናል። ኮንጎን (የኪንሻሳዋን) ደግሞ ከ1885 እስከ 1908 የያዛት የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ ነው፣ እንደ ግል ንብረቱ፤ የጎማ ኮታ ባልሞላ የሰው እጅ የተቆረጠበት ዘመን ነው። ከዚያ እስከ 1960 የቤልጂግ መንግሥት ገዛት። ለዚህ ነው ኮንጎዎች እስከ ዛሬ ሰባንና ዘጠናን ሲቆጥሩ እንደ ፓሪስ ሳይሆን እንደ ብራሰልስ የሚቆጥሩት።

ግን አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ፈረንሳይኛ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለጸሐፊና ለአስተርጓሚ እንጂ ለሕዝብ አልተከፈተማ። ሕዝቡ ዘንድ በሰፊው የገባው ከነፃነት በኋላ ነው፤ አዲሶቹ መንግሥታት ትምህርት ቤት በየቦታው ከፈቱ፣ በደርዘን የሚቆጠር ቋንቋ ባለበት አገር አንዱን መርጦ ሌላውን ማስቀየም ከበዳቸው፣ መዝገቡም ሕጉም በፈረንሳይኛ ስለነበር እሱኑ ይዘው ቀጠሉ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች የተሰባሰቡበት የፍራንኮፎኒ ድርጅት በ2022 ባወጣው ግምት 321 ሚሊዮን ሰው ይናገረዋል፤ በየቀኑ ከሚጠቀሙበት አብዛኞቹ ያሉት አፍሪካ ውስጥ ነው። ነገሩ ዛሬም አልተቋጨም። ማሊ በ2023 ሕገ መንግሥቷ ፈረንሳይኛን ከይፋዊ ቋንቋነት አውርዳ የሥራ ቋንቋ አደረገችው። በ2025 ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከፍራንኮፎኒ ድርጅት እንወጣለን አሉ። የማሊ ሰዎች እርስ በርሳቸው በዚህ ሲከራከሩ ከሰማችሁ ፈራጅ ሆናችሁ አትግቡ። ጠይቁ፣ አዳምጡ።

ሃይቲያዊ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። እኛ አድዋ እንላለን፣ ደግም አደረግን። ሃይቲዎች ግን ከአድዋ ዘጠና ዓመት በላይ ቀድመው፣ ከባርነት ራሳቸውን ነፃ ያወጡ ሰዎች ሆነው፣ በ1803 የናፖሊዮንን ጦር አሸንፈዋል። በ1804 ነፃነታቸውን አወጁ። ፈረንሳይ በ1825 የጦር መርከብ ልካ የ150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ጫነችባቸው፣ ያሸነፉትን። ቤታቸው የሚናገሩት ክሬዮል ነው፣ እሱም ከፈረንሳይኛ እኩል ይፋዊ የሆነው በ1987 ነው። ለዚህ ሕዝብ «እኛ አልተገዛንም» ብሎ መኮፈስ ያሳፍራል።

ኬቤክ፣ ማለትም ሞንትሪያል ባለችበት የካናዳ ግዛት ያላችሁ ደግሞ ሌላ ታሪክ ውስጥ ናችሁ። እዚያ ፈረንሳይኛ የመጣው ከሰፋሪዎቹ ጋር ነው። ኬቤክ ከተማ የተቆረቆረችው በ1608 ነው፤ የነባሩ ሕዝብ መሬት ላይ መሆኑ አይረሳ። በ1763 እንግሊዝ ወሰደቻቸውና ቅኝ ገዢዎቹ ራሳቸው ተገዢ ሆኑ። ሥራና ገንዘብ ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው እጅ ነበር። በ1977 ያወጡት የቋንቋ ሕግ ከዚያ ቁጭት የመጣ ነው፤ የስደተኛ ልጅ በመንግሥት ገንዘብ ሲማር ከጥቂት ሁኔታ በቀር በፈረንሳይኛ ነው የሚማረው። «እንግሊዝኛ እየቻልኩ ለምን ያስገድዱኛል» ብላችሁ አትናደዱ። እናንተን ንቀው አይደለም።

የኛ አገር ታሪክስ? ለኛ ፈረንሳይኛ በጅቡቲ ባቡርና በንግድ ነው የመጣው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፣ ራስ ተፈሪም ሐረር በልጅነታቸው ተምረውታል። ወደንና መርጠን ተማርነው፣ ኋላም ወደ እንግሊዝኛ ዞርን። የመምረጥ ዕድል ነበረን። ጎረቤታችሁ ያ ዕድል አልነበረውም፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የልጆቻችን ነገር ነው። ማንም አንገታቸው ላይ እንጨት ሳያንጠለጥል «ፈረንሳይኛው እንዳይደናበርባቸው» እያልን ቤት ውስጥ አማርኛ የምንከለክላቸው ወላጆች አለን። ተዉ። ፈረንሳይኛውን ትምህርት ቤቱ ይሰጣቸዋል። ሴኔጋላዊው ልጅ ቤቱ ዎሎፍ እያወራ ትምህርት ቤት አንደኛ ሲወጣ አይታችሁ የለም?

ለራሳችሁ ግን ቋንቋውን ነገ ዛሬ አትበሉ። ፈረንሳይ ከጥር 2026 ጀምሮ ለመኖሪያ ፈቃድም ለዜግነትም የምትጠይቀውን የቋንቋ ደረጃ ከፍ አድርጋለች። ኬቤክ ያላችሁ ፍራንሲዛሲዮን ኬቤክ በሚባለው የመንግሥት የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ በኩል ተመዝገቡ፣ ትምህርቱ ነፃ ነው። ሥራ ቦታ ለምሳ ስትወጡ ደግሞ ሐበሻ ለብቻው ጥግ ይዞ አይቀመጥ። ከኮትዲቯሩ ሰውዬ ጋር ብሉ፣ ከኮንጎዋ ሴትዮ ጋር ቡና ጠጡ፣ ስትሳሳቱ እንዲያርሟችሁ ንገሯቸው። አለቃው የሚጮኸውን ፈረንሳይኛም፣ የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያለውንም ያውቁታል፣ ለማስረዳትም አይሰስቱም።